የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ያልተሰጠንን ስንለብስ



የዛሬውን ማስታወሻ ያስጻፈኝ አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ ነው። እንዲህ ትላለች፦ "ኡስታዝ፣ ፈረንጆቹ በሮክና በሙዚቃ ፌስቲቫል ፋሽን ላይ 'የሌላ ሕዝብ ባህል ሰረቃችሁ' እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ አያለሁ። ልብስ ልብስ ነው። በዲናችን ደግሞ ሥራ የሚለካው በኒያ ነው። ኒያዬ ንጹህ ከሆነ የፈለግኩትን ብለብስ ማን ምን አገባው?"

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በአንድ መስመር ልመልሰው ሞከርኩና አልሆነልኝም። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የሙዚቃ ሑክም የዛሬ ርዕሳችን አይደለም፤ ዑለማዎች በሰፊው የተናገሩበት ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ልብሱ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ ሜዳዎች የሚኖሩ እንደ ላኮታና ሸየን ያሉ ነባር ሕዝቦች ከንስር ላባ የሚሠራ የራስ ልብስ አላቸው። በፊልም አይታችሁት ይሆናል። ይህ ላባ ለጌጥ ተብሎ የሚሰካ አይደለም። ሰውየው ለሠራው ሥራ ሕዝቡ መስክሮለት የሚሰጠው ክብር ነው። በኛም ሀገር በድሮ ዘመን የአንበሳ ጎፈር የሚደፋው ጀግንነቱ የታወቀለት ሰው ነበር። ይበልጥ ለመቅረብ ደግሞ እንዲህ አስቡት፦ መካን ሳይረግጥ ራሱን "ሐጂ" ብሎ የሚያስጠራ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ቃሉ በአረብኛ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሊጠራው ይችላል። ግን ያልሄደበትን መንገድ ሄጃለሁ እያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹና በ2010ሮቹ ይህ የላባ ልብስ የሙዚቃ ፌስቲቫል ፋሽን ሆነ። ወጣቶች በቀለም የተነከረ ርካሽ ላባ ከድንኳን ሱቅ እየገዙ፣ ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ቢራ ይዘው ይጨፍሩበት ጀመር። ነባሮቹ ሕዝቦች "ተዉ" አሉ። ብዙ ሰው "ውበቱን ወደን እንጂ ለመናቅ አይደለም" ሲል መለሰ።

ለምን እንዳመማቸው ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1883 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ደንብ የነባር ሕዝቦች የእምነት ጭፈራና ሥርዓት ወንጀል ተደረገ። ሥርዓቱን ሲፈጽም የተገኘ ሰው ራሽኑ ይከለከላል፤ ይታሠራልም። ልጆቻቸው በ1879 እንደተከፈተው የካርላይል ትምህርት ቤት ወዳሉ አዳሪ ቤቶች እየተወሰዱ ፀጉራቸው ተቆረጠ፤ የወላጆቻቸው ልብስ ተገፈፈ። የእምነት ነፃነታቸውን ለማስከበር ለብቻው ሕግ የወጣው በ1978 ነው። እንግዲህ አያቱ በሥርዓቱ ምክንያት የታሠረበት ሰው፣ ዛሬ ያንኑ ልብስ ሰካራም ደፍቶት ሲጨፍር ያያል። አያቱ የተቀጣበትን ሌላው ይሞገስበታል።

ይህ ለኛ እንግዳ ስሜት ነው? አይደለም። ፈረንሳይ በ2004 ሂጃብን፣ በ2023 ደግሞ ዓባያን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከልክላለች። በመካከሉ በ2016 ታዋቂው የጣሊያን ፋሽን ቤት ዶልቼ ኤንድ ጋባና የሂጃብና የዓባያ ስብስብ ለገበያ አቀረበ። አንዲት ልጅ ከክፍል የምትባረርበት ጨርቅ ለሌላዋ የቅንጦት ዕቃ ነው። በሀገራችንም በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ የተስተጓጎሉ እህቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የላኮታ ሰው የሚናገረው ነገር ለኛ አስተርጓሚ አያሻውም።

አሁን ወደ ኒያው እንምጣ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ፓንክ የሚባለው የሙዚቃ ትውልድ ሲነሳ፣ አንዳንዶቹ የናዚን ምልክት በክንዳቸው አስረው ይዞሩ ነበር። ናዚ ስለሆኑ አልነበረም፤ ብዙዎቹ በኋላ እንዳስረዱት የወላጆቻቸውን ትውልድ ለማስደንገጥ ነው። ኒያቸው ይኸው ነበር እንበል። ግን በዚያው ከተማ ቤተሰቡ በዚያ ምልክት ሥር ያለቀበት ሰው በአውቶቡስ አጠገባቸው ሲቀመጥ የሚያየው ኒያቸውን ነው ወይስ ክንዳቸውን?

ይህ ሩቅ ከመሰላችሁ የራሳችንን ላስታውሳችሁ። በ2020 ዘፋኟ ሪሃና ባቀረበችው የውስጥ ልብስ ትርዒት ላይ "ዱም" የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተለቀቀ። ሙዚቃው ውስጥ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ሲነበብ የሚያሰማ ድምፅ ተቆርጦ ገብቶ ነበር። ሞዴሎቹ በዚያ ድምፅ ላይ ነበር የሚወዛወዙት። ሙዚቃውን የሠራችው ኩኩ ክሎዊ ድምፁ የሐዲስ መሆኑን እንደማታውቅ ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሪሃናም ይቅርታ ጠየቀች። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። በዚያ ሳምንት ስንቶቻችን "ባታውቅ ነው፤ ኒያዋ ንጹህ ነው፤ ድምፅ ድምፅ ነው" አልን? አላልንም። ልባችን ቆሰለ፤ ተናደድን። የሌላው ሰው ቁስል ላይ ሲሆን ግን ኒያን እንደ ጋሻ እናነሳለን።

ሥራ በኒያ መሆኑ እውነት ነው። ሐዲሱ ግን የጻፍነውን ወንጀል ሁሉ የሚያጠፋ ላጲስ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 104ኛው አንቀጽ ለአማኞች ምን እንዳላቸው አስተውሉ። ሰሓባዎች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) "ራዒና" ይሉ ነበር፤ ትርጉሙ "ጠብቀን፣ ተመልከተን" ነው። ኒያቸው ከወርቅ የጠራ ነበር። ሌሎች ግን ያችኑ ቃል ለስድብ ማሽሟጠጫ አደረጓት። አላህም አማኞቹን ቃሏን ትተው "ኡንዙርና" በሉ አላቸው። የሰሓባ ኒያ ንጹህ ሆኖ ሳለ ምልክቱ ግን በሰው ጆሮ ምን እንደሚሠራ ታየ። ከሰሓባ የበለጠ ኒያ ያለው ማነው?

በሱረቱል አንዓም 108ኛው አንቀጽ ደግሞ ሙሽሪኮች የሚያመልኳቸውን እንኳ እንዳንሰድብ ተከልክለናል፤ እነሱም በአጸፋው አላህን እንዳይሰድቡ። ጣዖቱ ሐቅ ስለሆነ አይደለም። ሰው ትልቅ ነው ብሎ በያዘው ነገር ላይ የሚቀልድ፣ የራሱን ትልቅ ነገር ለቀልድ ይከፍታል። የማናምንበትን ማክበር ሳይሆን፣ ሰው ሲታመም አለመሳቅ ነው የተማርነው።

"እንግዲያው የሌላ ሕዝብ የሆነ ሁሉ ሐራም ነው ማለት ነው?" የሚል ይኖራል። አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ወንድሞች ይሳሳታሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም ጁባ ለብሰው ነበር። ሻም በወቅቱ የሮማውያን ግዛት ነበረች፤ በአንዳንድ ዘገባ "የሮም ጁባ" ተብሎ መጥቷል። ውዱእ ሲያደርጉ እጅጌው ጠቧቸው እጃቸውን ከሥር አውጥተው እንደታጠቡ ሙጊራ (ረ.ዐ) አስተላልፏል። ለነገሥታት ደብዳቤ ሊጽፉ ሲሉ "ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ አያነቡም" ቢባሉ የብር ቀለበት አሠርተው ማኅተም አደረጉ። በኸንደቅ ዘመቻም በሰልማን (ረ.ዐ) ምክር የፋርሶችን ዘዴ ተጠቅመው ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጠባብ እጅጌ የክብር ምስክር አይደለም፤ ቀለበትም የማንም ቁስል አልነበረም። ወሰዱ፤ ተጠቀሙ። ሕዝቦች ሲገናኙ መቀባበል የአላህ ሱና ነው። እኛም ሱሪውን፣ ጫማውን፣ ይህን የምታነቡበትን ስልክ ተቀብለናል።

"በሕዝቦች የተመሳሰለ ከነሱ ነው" የሚለውን መልእክት የያዘው ሐዲስም አለ። ዑለማዎች ሲያብራሩት የሚናገረው የአንድ ሕዝብ መለያ ስለሆነው፣ በተለይም የእምነታቸው ምልክት ስለሆነው ነገር እንጂ ስለ እያንዳንዱ የስፌት ዓይነት እንዳልሆነ ይገልጻሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "ጨርቁን መጀመሪያ ማን ሠራው?" የሚል አይደለም።

እኔ ይህን ነገር የሚፈታልኝ ቁልፍ ያገኘሁት በአንድ ሌላ ሐዲስ ውስጥ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንዲት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣችና ጣውንት እንዳለባት ነገረቻቸው። ባሏ ያልሰጣትን ነገር "ሰጠኝ" ብላ ጣውንቷ ፊት ብትኩራራ ችግር አለው ወይ ስትል ጠየቀች። መልሳቸው፣ ባልተሰጠው ነገር የጠገበ መስሎ የሚታይ ሰው ሁለት የሐሰት ልብሶችን እንደለበሰ ነው የሚል ነበር። ሱብሓነላህ! ሴትየዋ የጠየቀችው ስለ ወሬ ነው፤ እሳቸው ግን በልብስ መለሱላት። ልብስ ይናገራልና። ከሊቃውንት መካከል ይህን ሲያብራሩ ዙህድ ሳይኖረው የዛሂዶችን ልብስ የሚለብስን ሰው ምሳሌ ያደረጉ አሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፦ የለበስኩት ነገር ስለኔ ምን ይመሰክራል? ምስክርነቱስ እውነት ነው? የንስሩ ላባ "ይህ ሰው ሠርቷል፤ ሕዝቡ አይቶታል" ይላል። ፌስቲቫሉ ላይ የደፋው ልጅ አልሠራም፤ ማንም አላየውም። ጨርቁ የተሰረቀ ባይሆን እንኳ ምስክርነቱ የሐሰት ነው።

ስለ ኩፊያ እናውራ፤ ይህኛው የብዙዎቻችሁ አንገት ላይ አለና። ኩፊያ የፍልስጤም ገበሬ የፀሐይና የአቧራ መከላከያ ነበር። የከተማው ሰው ያደርግ የነበረው ጠርቡሽ ነው። በ1936 እንግሊዞች ላይ አመፅ ተነሳ፤ በ1938 የአመፁ መሪዎች የከተማ ሰው ሁሉ ጠርቡሹን አውልቆ ኩፊያ እንዲያደርግ አዘዙ። ምክንያቱ፣ ታጋዩ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ በኩፊያው ተለይቶ እንዳይያዝ ነበር። ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ ጸሐፊውም ለበሰው። የጨርቁ ባለቤቶች ራሳቸው "ሁላችሁም ልበሱ" ያሉበት ጊዜ ነው፤ መልበስ ማለት ግን የታጋዩን አደጋ መካፈል ማለት ነበር።

ከዚያ ኩፊያ ተጓዘ። በአውሮፓ በተለይም በጀርመን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የግራ ፖለቲካ ወጣቶች፣ በኋላም ፓንኮች አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። አንዳንዱ ስለ ፍልስጤም ያነበበና ሰልፍ የወጣ ነው፤ አንዳንዱ ከጥቁር ጃኬት ጋር ስለሚያምር ብቻ ነው። በ2007 ኧርባን አውትፊተርስ የተባለው የአሜሪካ ልብስ ሻጭ "ፀረ ጦርነት ስካርፍ" ብሎ ሸጠው፤ ውዝግብ ሲነሳ ከገበያ አነሳው። ስሙን እንኳ ነጥቀውት ነበር። በአል ኸሊል ከተማ ግን ከ1961 ጀምሮ ኩፊያ የሚሸምነው የሂርባዊ ፋብሪካ ዛሬም አለ።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ? ኩፊያውን አውልቁ አልልም። ልበሱት። ነገር ግን ኩፊያው "እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር ነኝ" ብሎ ይመሰክርባችኋል። ፎቶው ከተለጠፈ በኋላ በሱጁድ ላይ ስማቸውን አነሳችሁ? ከኪሳችሁ ትንሽም ብትሆን ወጣች? ስለ ታሪካቸው አንድ ነገር አነበባችሁ? እንዲህ ካልሆነ በፌስቲቫሉ ልጅና በኛ መካከል ያለው ልዩነት የላባውና የጨርቁ ብቻ ነው።

ሸክሙን የተሸከመ ሰው ምን እንደሚመስል ደግሞ ካልጠበቅነው ቦታ ላሳያችሁ። ግላስተንበሪ የሚባለው ትልቅ የእንግሊዝ ፌስቲቫል በ2014 የላባውን የራስ ልብስ ነጋዴዎች ያለ ፈቃድ እንዳይሸጡ ወሰነ። ውሳኔውን ያስነሳው አቤቱታ የነበረው 65 ፊርማ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2024 በዚያው ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሂጃብ የለበሱ ሦስት ወጣት ሴቶች ቆሙ። ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮት ይባላሉ፤ ከኢንዶኔዥያ ጋሩት አካባቢ፣ እዚያው በእስልምና ትምህርት ቤት የተገናኙ የሄቪ ሜታል ተጫዋቾች ናቸው። ሙዚቃቸውን እያስተዋወቅኩ አይደለም፤ በሥራቸውም ላይ የዑለማው ቃል የታወቀ ነው። የምለው ስለ ሂጃቡ ነው። በሀገራቸው "ይህን ሙዚቃ ተዉ" ይባላሉ፤ ውጭ ሀገር ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ራስ መሸፈኛቸው ነው። ቢያወልቁት ግማሹ ጥያቄ ይቀርላቸው ነበር። አላወለቁትም። በዚያ መድረክ ላይ ያ ጨርቅ ጌጥ አይደለም፤ ዋጋ የሚከፈልበት ነው።

እስካሁን ስለ ሌሎች አወራሁ። አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ልዘለው አስቤ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስጂድ ውስጥ ለወጣቶች ደርስ እሰጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ መጣ። ደረቱ ላይ የራስ ቅል አለ፤ ከላዩ የዛፍ ሥር የመሰለ ጽሑፍ። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ሜታል የሚያዳምጡ ጓደኞች ስለነበሩኝ ነገሩ ገባኝ። ማወቄንም ላሳይ ፈለግሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወንድም፣ ይህ ደርስ ነው ወይስ የሮክ ኮንሰርት?" አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ከወራት በኋላ ታክሲ መያዣ ላይ አገኘሁትና ለምን እንደጠፋ ጠየቅሁት። አቀርቅሮ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ "ኡስታዝ፣ ቲሸርቱን ከሰልባጅ ነው የገዛሁት። ጋራዥ ነው የምሠራው፤ ጥቁር ደግሞ ቅባት አያሳይም። ጽሑፉን እኔ ማንበብ አልቻልኩም፤ እርስዎ ናቸው ያነበቡት።" ወደ ደርሱ የመጣው ፋቲሓን አስተካክሎ መቅራት ፈልጎ እንደነበርም ነገረኝ።

ምስል ያለበትን ልብስ በሰላት ላይ አለመልበስ እንደሚሻል አውቃለሁ። ይህ ግን በጆሮው፣ በፍቅር የሚነገር ነው። እኔ የተናገርኩት ለሱ ብዬ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ሁለታችን ምን እንደለበስን አስቡት። እሱ የማያውቀውን ምልክት ለብሷል፤ ምንም አልመሰከረም፤ ምንም አልጠየቀበትም። የሥራ ልብሱ ነው። እኔ ነጭ ጀለቢያ ለብሼ ጥምጣም አሥሬ ነበር። ጥምጣሙ "ይህ ሰው ዒልም አለው፤ አደብም አለው" እያለ ይመሰክርልኛል። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሕዝብ በሕዝብ እንዳይሳለቅ፣ የተሳለቁበት ሰው ከተሳላቂው የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮናል። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ተፍሲሩንም አስተምሬዋለሁ። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ የመድረክ ልብስ የለበሰው ማን ነበር?

"አፉ በለኝ" አልኩት። "አፉ ብያለሁ" አለኝ። ዛሬ በሌላ መስጂድ እንደሚቀራ ሰምቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ወደኔ ደርስ ግን አልተመለሰም፤ አልፈርድበትም።

እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። የሌላ ሕዝብ የሆነ ነገር ስትለብሺ "መብቴ ነው ወይ?" ከማለትሽ በፊት ልብሱ ስላንቺ ምን እንደሚናገር ስሚው። የማትከፍዪበትን ክብር የሚያወራልሽ ከሆነ ተዪው። ባለቤቱ በሱ ምክንያት የተቀጣበት፣ ወይም የሚሰግድበት ከሆነ ደግሞ እሱ ፊት ለፊትሽ ቢቆም ዓይኑን እያየሽ ትለብሺው እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ከዚህ ሁሉ የጸዳ ቆንጆ ልብስ ከሆነ ግን በቢስሚላህ ልበሺው፤ አላህ ውብ ነው፤ ውበትንም ይወዳል።

ይህንኑ ጥያቄ ደግሞ ለራሳችን ልብስ እናንሳው። ዛሬ ወደ ጁሙዓ ለብሰነው የምንሄደው ነጭ ጀለቢያ፣ ኮፍያው፣ ጥምጣሙ፣ ሂጃቡ፣ ኒቃቡ፣ ሁሉም ስለኛ ይመሰክራል። ማንም "ሰረቃችሁ" አይለንም፤ የራሳችን ነው። ግን ተሰጥቶናል ወይ? በሱረቱል አዕራፍ 26ኛው አንቀጽ አላህ ገላን የሚሸፍን ልብስና ጌጥ እንደሰጠን ከነገረን በኋላ፣ የተቅዋ ልብስ ግን እሱ የተሻለ መሆኑን ያስታውሰናል። እሱን ከሰልባጅም፣ ከቡቲክም አናገኘውም።

አላህ ሆይ፣ ውጫችንን ከውስጣችን አታጣላው። በልብሳችን የመሰከርነውን በሥራችን እውነት አድርግልን። በቀልዳችን ከቤትህ ያራቅነው ሰው ካለ ወደ ቤትህ መልሰው፤ እኛንም ይቅር በለን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።